ከማይተን አሟሚ ጋር፦ የእንሰት ቃጫን በአዮናዊ ፈሳሽ የማሟሟት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ 2

የያዝነው ሥራ ከእንሰት የሚፋቀውን ቃጫ በአዮናዊ ፈሳሽ አሟሙቶ፣ ሴሉሎሱን በውኃ መልሶ ማርጋትና ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሉህ ማውጣት ነው። ቃጫው ታጥቦ፣ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ፣ ነጥቶና ደርቆ በከረጢት ተቀምጧል። በዚህ ማስታወሻ የምከታተለው ግን አሟሚውን ነው። በዚህ ሥራ ሰው ቢጎዳ የሚጎዳው በእሱ ነው።

አሟሚያችን ቡታይል ሜታይል ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ ይባላል። ከዚህ በኋላ «ክሎራይዱ» እያልሁ እጠራዋለሁ። በባሕርዩ ጨው ነው። የገበታ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈልግ ይህ ግን በ70 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጡ ጨዎች ናቸው አዮናዊ ፈሳሽ የሚባሉት። ኬሚስቱ ፓውል ቫልደን በ1914 እ.ኤ.አ. የገለጸው ኤታይል አሞኒየም ናይትሬት በ12 ዲግሪ ይቀልጣል። የእኛው ክሎራይድ ሴሉሎስን እንደሚያሟሟ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ደግሞ በአሜሪካ አላባማ ዩኒቨርሲቲ እነ ሮቢን ሮጀርስ ናቸው። ሴሉሎስ በተራ አሟሚዎች ስለማይበገር ግኝቱ ብዙ ሰው አነሳሥቷል፤ እኛንም ጭምር።

እነዚህን ፈሳሾች «አረንጓዴ» ብሎ መጥራት የተለመደው ስለማይተኑ ነው። ኤተር ወይም ክሎሮፎርም ክዳኑ ሲነሣ ክፍሉን ይሞላል፤ ሳንባ ይገባል፤ ኤተር ደግሞ እሳት ይጠራል። ክሎራይዱ በክፍል ሙቀት እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ነገር ግን ያ መትነን ማስጠንቀቂያም ነበር። ኤተር ሲፈስ አፍንጫ ይናገራል፤ ጠብታውም ከደቂቃዎች በኋላ የለም። ክሎራይዱ ሲፈስ ማንም አያሸተውም፤ ጠብታውም ሳምንትም ቢሆን ወርም ቢሆን የወደቀበት ቦታ ይጠብቃል። የሥራችን ጥንቃቄ በሙሉ መነሻው ይህ እንዲሆን ወስኛለሁ፤ የት እንደደረሰ ያልታወቀ ክሎራይድ መኖር የለበትም።

ሐምሌ 3

የአምራቹን የደህንነት መረጃ ሰነድ ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ቃል በቃል አነበብን። ቢዋጥ መርዛማ፣ ቆዳንና ዓይንን የሚያስቆጣ፣ ለውኃ ውስጥ ሕይወት መርዛማና ጉዳቱ የሚቆይ ተብሏል። አንዳንድ ሰው እነዚህን መስመሮች «ሁሉም ኬሚካል ላይ የሚጻፍ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ አልስማማም። «ቢዋጥ መርዛማ» የሚለው ምድብ ለማንኛውም ዕቃ የሚለጠፍ አይደለም። ጣት ላይ የቀረ ክሎራይድ ከጣት ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ አፍ ለመሄድ የሚያግደው ሽታ የለም፤ የሚያስጠነቅቅ ቀለምም የለም።

ሰነዱ ላይ የማይጻፍ ግን ከሳይንሳዊ ጽሑፎች የምናውቀው ነገር አለ። የክሎራይዱ ክፍል በሆነው ኢሚዳዞሊየም ቀለበት ላይ የተንጠለጠለው የካርቦን ጭራ በረዘመ ቁጥር መርዛማነቱ ይጨምራል፤ ጭራው እንደ ሳሙና ሞለኪውል የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ ይገባል። የእኛው ባለ አራት ካርቦን ነው። ባለ ስምንት ካርቦን ዘመዱ ግን በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በአንድ የቆሻሻ መጣያ አካባቢ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የሐሞት ቧንቧዎችን ለሚያጠቃ አንድ የጉበት በሽታ መነሻ ሊሆን ይችላል ብለው ጥርጣሬያቸውን አቅርበዋል። መጠርጠር ማረጋገጥ አይደለም። ሆኖም አንድ «አረንጓዴ» የተባለ ቤተሰብ አባል አፈር ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ብቻውን ፍሳሻችንን በተመለከተ ለምንወስነው ነገር በቂ ምክንያት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቦታውን አዘጋጀን። ሥራው በሙሉ ሁድ በምንለው የአየር መሳቢያ ውስጥ ይካሄዳል። ወለሉ ላይ ከንፈር ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ተቀምጧል፤ ክሎራይዱ ከትሪው አይወጣም። ናይትራይል ጓንት፣ ጎኑ የተዘጋ መነጽር፣ እስከ ታች የሚቆለፍ ጋዋን። ጓንት የሚወልቀው ሁድ ውስጥ ነው፤ ጓንት ለብሶ በር መክፈት፣ ስልክ ማንሣት፣ ደብተር መጻፍ አይፈቀድም። ደብተር የሚይዘው ሌላው ሰው ነው።

ሐምሌ 4

ጠርሙሱ ተከፈተ። ክሎራይዱ ነጭ፣ እንደ ድንጋይ የረጋ ነው። ብዙ ቦታ ያየሁት ልማድ በብረት ማንኪያ እየወጉ መፈልፈል ነው፤ ፍንጣሪው ወደ ፊት ይዘላል፣ ጠርሙሱም ሊሰበር ይችላል። እኛ ክዳኑን አላልተን በ80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስቀመጥነው። ቀስ ብሎ ቀለጠ፤ ወፍራም፣ ገረጣ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ሆነ። ከዚያ በሞቀ የብርጭቆ ፒፔት መቅዳት ቀላል ነው። የብረት ዕቃ አላስገባንም፤ ክሎራይድ ያለባቸው አዮናዊ ፈሳሾች ብረት ይበላሉ፣ ከብረቱ የሚመጣው ብክለት ደግሞ ፈሳሹን ያጠቁረዋል።

ጥራቱንም ፈተሽን። ይህ ጨው የሚሠራው ሜታይል ኢሚዳዞልን ከክሎሮቡቴን ጋር በማሞቅ ነው። ሜታይል ኢሚዳዞል ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ ተርፎ ከሆነ የምንፈራው ጉዳት ይለወጣል። ትንሽ ናሙና ላይ የተሟሟ መዳብ ክሎራይድ ሲጨመር ትርፍ ሜታይል ኢሚዳዞል ካለ ከመዳቡ ጋር ተጣምሮ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። የእኛው ሰማያዊ አልሆነም። ጨውን ራሳችን ለመሥራት አስበን ነበር፤ ተውነው። አጸፋው ሙቀት ያመነጫል፣ ክሎሮቡቴን ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ በትንሽ ዕቃ ጸጥ ያለው ነገር በትልቅ ዕቃ ውስጥ ሊገነፍል ይችላል።

ስንመዝን ያየሁትን ልጻፈው። አንድ የቀዘቀዘ ቅንጣት ሚዛኑ ሳህን ላይ ተቀምጦ ሳለ የመጨረሻው አሐዝ ዓይኔ እያየ ይወጣ ነበር። ክረምት ነው፤ አየሩ እርጥብ ነው፤ ጨው እርጥበት ይስባል። የቅንጣቱ ጠርዞች ክብ ሆኑ፤ ቆየት ብሎ ነጩ ነገር ጠፋና ውኃ የሚመስል ፍሬ ብቻ ቀረ። ሳህኑ ላይ ነጭ ቅንጣት ቢኖር ማንም ያየዋል፤ ይህን ፍሬ ግን ማንም የውኃ ጠብታ ነው ብሎ በእጅጌው ይጠርገዋል። ከዚህ በኋላ ሚዛኑ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በእርጥብ ወረቀት ይጠረጋል፤ ወረቀቱም ወደ ክሎራይድ ቆሻሻ ከረጢት ይገባል።

ሐምሌ 8

የጽዳት ሠራተኛችን ጠዋት ጠረጴዛ ልትወለውል ስትገባ አስቆምኋት።

«እትዬ፣ ይህችን ጠረጴዛ ዛሬ ይተዉልኝ። እኛ ራሳችን እናጸዳታለን።»

«ምን ፈሰሰ ልጄ? እኔ ምንም አይታየኝም፤ የሚሸትም ነገር የለም።»

«ለዚያ ነው እትዬ። የማይታይና የማይሸት ነገር ስለሆነ ነው።»

የምትጠቀምበት ጨርቅ አንድ ነው። በእኛ ጠረጴዛ፣ በበሩ እጀታ፣ ሻይ በሚጠጣበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። ጓንቷም የእኛ ዓይነት አይደለም። እኛ ሰነዱን አንብበናል፤ እርሷ አላነበበችም፤ በአሟሚው የመጎዳት ዕድል ግን ከእኛ ይልቅ ለእርሷ የቀረበ ነው። ይህን አስቤ ከዛሬ ጀምሮ ሁዱና የሚዛኑ ጠረጴዛ በቀይ ፕላስተር ተከልለዋል፤ ከመስመሩ ውስጥ የሚያጸዳው የሠራበት ሰው ብቻ ነው። ምን እንደሆነና ምን እንደሚያደርግም ተቀምጬ አስረዳኋት፤ ጥያቄዋ ከብዙ ተማሪ ጥያቄ የተሻለ ነበር፦ «ታዲያ እናንተ መጽዳቱን በምን ታውቃላችሁ?»

መልሱን ከሰዓት በኋላ ሠራነው። ክሎራይድ ከሲልቨር ናይትሬት ጋር ሲገናኝ ነጭ ደመና ይሠራል፤ ይህ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ነው። በተጣራ ውኃ የረጠበ ትንሽ የማጣሪያ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ እናሻሻለን፤ ወረቀቱን በንጹሕ የሙከራ ቱቦ ውስጥ በጥቂት የተጣራ ውኃ እንነክረዋለን፤ አንድ ጠብታ ናይትሪክ አሲድ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት። ከጎኑ ምንም ያልነካ ወረቀት የተነከረበት ቱቦ ይቆማል፤ ሁለቱን በጥቁር ወረቀት ፊት አድርገን እናነጻጽራለን።

የሁዱ መስታወት እጀታ ነጣ። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ቁልፍ ነጣ። የሚዛኑ ጠረጴዛ ጠርቷል። የቧንቧው ራስ ነጣ፤ ይህ ግን ብዙ አይናገርም፤ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ያለበት ስለሆነ ራሱ ይነጣል። የሰው ላብም ጨው ነው፤ በባዶ እጅ የተነካ እጀታ ክሎራይዱ ባይደርሰውም ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው የሚታመነው በአንድ በኩል ነው፦ ያልነጣው ንጹሕ ነው። የነጣው ከምንም ይምጣ ከምን ይታጠባል፣ እንደገና ይፈተናል። ሦስቱም ከታጠቡ በኋላ ጠሩ።

የሲልቨር ናይትሬቱ ፍሳሽ ለብቻው በጥቁር ጠርሙስ ይጠራቀማል። ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ የብርና የአሞኒያ ቅልቅል ሲቆይ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ነገር ይሠራል። ቆዳ ላይ ቢንጠባጠብም ያጠቁራል፤ ለቀናት አይለቅም።

ሐምሌ 9

ማሟሟት ተጀመረ። ክሎራይዱ በፍላስክ ውስጥ፣ ፍላስኩ በሲሊኮን ዘይት ውስጥ፣ ዘይቱ በማሞቂያው ላይ። ፍላስኩን በሚፈላ ውኃ ውስጥ አላስቀመጥንም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 100 ዲግሪ አያደርሰንም። ቃጫው ተከትፎ ጥቂት በጥቂት ይገባል። አንድ ጊዜ ከተደፋ ውጩ ጄል ሆኖ ውስጡን ይዘጋል፤ እየተሞቀ የሚቆይ ጉብታ ይሆናል። በዝግታ ሲገባ ክሮቹ መጀመሪያ ያብጣሉ፣ ከዚያ ጫፋቸው ይደበዝዛል፣ ከዚያ የሉም። በክብደት አምስት በመቶ ሲደርስ ፈሳሹ እንደ ማር ወፈረ፤ እዚያ አቆምን።

ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ እንዳያልፍ ቴርሞሜትሩ በዘይቱ ውስጥ፣ ሁለተኛው በፍላስኩ ውስጥ ተተክሏል። አዮናዊ ፈሳሽ አይቃጠልም የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ይህ ክሎራይድ በጣም ሲሞቅ ወደ ተሠራበት ይመለሳል፤ ሜታይል ኢሚዳዞልና ክሎሮቡቴን ይወጣሉ፤ እነሱ ይተናሉም፣ ይቀጣጠላሉም። አዮናዊ ፈሳሾች ሲበሰብሱ የሚሰጡት ጋዝ እንደሚነድ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ያሳያል። በዚያው ዓመት አንዳንዶቹ በከፍተኛ ሙቀትና አየር በተሳበበት ጠንካራ ባዶ ግፊት ሳይበሰብሱ ጭምር እንደሚተኑ ታይቷል። ስለዚህ «አይተንም» የሚለው ቃል በክፍል ሙቀት ላይ የሚሠራ ነው። ከፍላስኩ የዓሣ ዓይነት ሽታ ከመጣ ማሞቂያው ወዲያው ይጠፋል ብለን በሩ ላይ ጽፈናል።

ትኩሱን ጠብታ ከክፍል ሙቀቱ ጠብታ ለይቼ እፈራዋለሁ። ውኃ ቆዳ ላይ ሲወድቅ ይፈስሳል፣ ይተናል፣ ይቀዘቅዛል። ይህ ይጣበቃል፣ አይተንም፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ትኩስ ፍላስክ ሲነሣ ከናይትራይሉ ላይ ወፍራም የሙቀት ጓንት ይደረባል፤ ፊትን የሚሸፍን ጋሻም አለ። ቆዳ ላይ ቢደርስ በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ በአልኮል ወይም በአሴቶን አይጠረግም። ዓይን ከሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ እየታጠበ ወደ ሐኪም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚያስበው የሁዱን አየር ነው፤ በኤተር ሥራ ትክክል ነው። እዚህ ግን የሚያሳስበው መብራቱ የሚመለስበት ቅጽበት ነው። ማሞቂያው በመዞሪያ ቁልፍ የሚሠራ ስለሆነ ሲመለስ ማንም ሳይነካው መሞቅ ይጀምራል፤ ማማሰያዋ ማግኔት ግን በወፈረው ፈሳሽ ውስጥ ተይዛ ላትነሣ ትችላለች። ያኔ ታችኛው ይጋላል፣ ላይኛው ይቀዘቅዛል፣ ቴርሞሜትሩም ልክ ያልሆነ ቁጥር ይሰጣል። የተስማማነውን አደረግን፦ ሶኬቱ ተነቀለ፣ ፍላስኩ በማንሻው ከዘይቱ በላይ ከፍ አለ፣ የሁዱ መስታወት ወረደ፣ ሁላችንም ወጣን። መብራቱ ማታ መጣ፤ ክፍሉ ውስጥ በራሱ የተነሣ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ 15

በመደርደሪያው ጥግ ከሌላ ሰው ሥራ የተረፈ ጠርሙስ አገኘን። ጽሑፉ ደብዝዟል፤ የሚነበበው ያው ኢሚዳዞሊየም፣ በክሎራይድ ፋንታ ያለው አጋሩ ግን ሄክሳፍሎሮፎስፌት ነው። ተማሪዎቹ «ይህ ከውኃ ጋር አይቀላቀልም፤ ለመለየት ይመቻል» ብለው ሊሞክሩት ፈለጉ። ፈቃድ አልሰጠሁም፤ ምክንያቱንም በሰፊው አስረዳኋቸው።

ሄክሳፍሎሮፎስፌት ከውኃ ጋር ሲቆይ፣ በተለይ አሲድ ወይም ሙቀት ካለ፣ ተሰባብሮ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሰጣል። እነ ሮጀርስ ይህንኑ ጉዳይ በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ሴሉሎስ በማሟሟት ዝና ያተረፈው ቡድን ራሱ «አዮናዊ ፈሳሾች ሁልጊዜ አረንጓዴ አይደሉም» ማለቱን አከብራለሁ። ቴትራፍሎሮቦሬት የተባለው ዘመዱ ደግሞ በውኃ ውስጥ በክፍል ሙቀትም ይሰባበራል። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ብርጭቆ ይበላል፤ ቆዳ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየምና ማግኒዥየም ያስራል፤ ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የቀጠነ ከሆነ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው። የነካው ሰው ምንም ሳይሰማው ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ጠርሙሱን ሳንከፍት በባትሪ ብርሃን አየነው። ከፈሳሹ በላይ ያለው የብርጭቆ አንገት ከውስጥ በኩል ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ታችኛው ክፍል ጥርት ያለ ነው። የተበላ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል፤ ተራ እርጥበትም ሊሆን ይችላል። ከፍቶ ማረጋገጥ የእኛ ሥራ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ቃጠሎ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጥበት ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በክፍሉ የለንም፤ ጄሉ በሌለበት ይህ ጠርሙስ አይከፈትም። እንዳለ በወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገባ፣ ዙሪያው በኖራ ዱቄት ተሞላ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ ተገጠመ፣ ስሙና «ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሊኖር ይችላል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ወደ አደገኛ ኬሚካል ማከማቻ ሄደ።

ሐምሌ 18

ሴሉሎስ የያዘው ወፍራም ፈሳሽ በብርጭቆ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በተጣራ ውኃ ውስጥ ተነከረ። ውኃው ሲነካው ክሎራይዱ ወደ ውኃው ይወጣል፣ ሴሉሎሱ ይረጋል። ሉሁ ከብርጭቆው ጠርዝ ጀምሮ ተላቀቀ፤ ለስላሳ፣ የሚንሸራተት፣ ጣት የሚያሳይ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ደስ ብሎኛል።

አሁን ክሎራይዱ ያለው በማጠቢያው ውኃ ውስጥ ነው። ውኃ መሳይ ውኃ ነው፤ የማጠቢያ ገንዳው አጠገቡ አለ፤ እጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እንዲህ ያሉት አጭር ጭራ ኢሚዳዞሊየሞች በቀላሉ በባክቴሪያ አይበሰብሱም። የከተማችን ፍሳሽ ብዙው በመጨረሻ ወደ አቃቂ ወንዝ ይደርሳል፤ በአቃቂ ውኃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ስለዚህ የገንዳው መፍሰሻ ላይ የጎማ መድፈኛ አድርገንበታል፤ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ያለው ማጠቢያ ሁሉ በጄሪካን ይጠራቀማል። ሉሁ የሚታጠበው ማጠቢያው በሲልቨር ናይትሬት መንጣቱን እስኪያቆም ነው። ውኃ ለመቆጠብ በትንሽ መጠን ደጋግሞ ማጠብ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማፍሰስ ይሻላል፤ ክሎራይዱ በፍጥነት ይቀንሳል፣ ጄሪካኑም አይበዛም።

ሐምሌ 24

የተጠራቀመውን ማጠቢያ በሚሽከረከር ማትነኛ በባዶ ግፊት ውኃውን አስወጣን። እዚህ ላይ አለመትነኑ ይረዳናል፤ ውኃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። የተሰበሰበውም ውኃ በሲልቨር ናይትሬት ተፈትኖ ጠርቷል። የተመለሰው ክሎራይድ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠቆር ያለ፣ የሻይ ቀለም ያለው ነው፤ የተሰባበረ የስኳር ቅሪት ይኖርበታል። ውኃ ካለበት ሴሉሎስ አያሟሟም፤ ስለዚህ ከመደገሙ በፊት በባዶ ግፊት ምድጃ ውስጥ በ80 ዲግሪ ያድራል። ጠርሙሱ ላይ «የተመለሰ» ተብሎ ቀኑ ተጽፏል፤ ካልተነካው ጠርሙስ ጋር አይቀላቀልም።

ነሐሴ 1

ዛሬ በቀይ መስመሩ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደገና ተፈተነ። የሚዛኑ ጠረጴዛ፣ የሁዱ እጀታና የማሞቂያው ቁልፍ ጠርተዋል። የባዶ ግፊት ምድጃው በር ጎማ ግን ነጥቷል፤ ስፌቱ ውስጥ የገባ ነው፤ ጎማው ወልቆ ታጥቦ ይፈተናል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል እንዲገዛ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ለሄክሳፍሎሮፎስፌቱ ጠርሙስ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሕንፃ ፍሎራይድ የሚነካ ሁሉ ሊያገኘው ይገባል። የሚቀጥለው ዙር የቃጫ ማሟሟት የሚጀመረው የበሩ ጎማ ሲጠራ ነው።